ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ብረት ከነካው ይሰራጫል»

ጥያቄ፦ የ42 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። በግራ ጡቴ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጣር እብጠት ካገኘሁ አራት ወር ሆነኝ፤ አያመኝም። አሞክሲሲሊን ሁለት ጊዜ ገዝቼ ወሰድኩ። ሐኪም በመርፌ ናሙና ይወሰድ ቢለኝም፣ ጎረቤቴ ብረት ከነካው ይሰራጫል ስላለችኝ ተውኩት። ለቆዳዬ የኮላጅን ዱቄት እጠጣ ነበር፤ ኮላጅን ካንሰርን ያስፋፋል ሲባል ሰማሁ። በራሴ ያመጣሁት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ዱቄቱ ነው፤ የፈሩት ግን መርፌውን ነው።

በዱቄቱ ራስዎን አይውቀሱ። የተጠጣ ኮላጅን እንደ ሥጋና እንደ እንቁላል ሆድ ውስጥ ይፈጫል እንጂ እንዳለ ሄዶ ጡት ውስጥ አይቀመጥም። የሰሙት ሰውነት ራሱ ስለሚሠራው ኮላጅን ነው። የቤት ጭቃ በጭድ እንደሚያያዝ ሁሉ፣ ሴሎቻችንም ኮላጅን በሚገኝበት የፕሮቲን መረብ ተያይዘው ይኖራሉ። ካንሰር መረቡን ያዛባዋል፤ ኮላጅኑን አብዝቶ ያጠብቀዋል፤ ብዙ የጡት ካንሰር ሲዳሰስ የሚጠጥረውም በዚህ ነው። ወሰን የሆነውን ስስ ሽፋን ደግሞ በኢንዛይም እየበጣ ያልፋል። ይህን ሁሉ ያለ ማንም ብረት ያደርገዋል።

አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ግን በጣት አይለይም፤ ደም ከሚቀዳበት ብዙ በማይለይ መርፌ እንጂ።

የብረቱ ወሬ ከየት መጣ? ሰው ዘግይቶ ይመጣል፤ በሽታው አስቀድሞ ተሰራጭቷል፤ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ይሞታል። የገደለው መዘግየቱ፣ የተከሰሰው ቢላዋው። መርፌ ጥቂት ሴሎችን ሊያፈናቅል ይችላል፤ ግን የወደቀ ዘር ሁሉ አይበቅልም። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቴፈን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ መርምሮ፣ ካንሰር እንደ ዘር የሚስማማው አፈር ይፈልጋል ብሏል። ያ አፈር በከፊል ይኸው የፕሮቲን መረብ ነው፤ ካንሰሩም እያደር ለራሱ ያመቻቸዋል። ስለዚህ የሚፈራው አራቱ ወር ነው!

አሞክሲሲሊኑንስ ማን አዘዘልዎት? ትኩሳት የለ፣ መቅላት የለ። ለባክቴሪያ የተሠራ መድኃኒት ይህን አያሟሽሽም።

ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከተሰረጎደ፣ የጡትዎ ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ብብትዎ ሥር ሌላ እብጠት ካለ ለነገ አይበሉት። ባይኖርም በዚህ ሳምንት ናሙናውን ወዳዘዘው ሐኪም ይመለሱ። ብቻዎን መሄድ ከከበደዎት እህት ወይም ጓደኛ ይዘው ይሂዱ፤ ጎረቤትዎን ግን ቤት ይተዉአቸው።