«ምትኩ» ወይስ «ናሆም»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው አዘዞ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የበኩር ልጃችን በሦስት ወሩ አረፈብን። ዘንድሮ ፈጣሪ ወንድ ልጅ ሰጠን። እናቴ ከደምቢያ መጥታ ገና አረፍ ሳትል ሕፃኑን ታቅፋ «ምትኩ» አለችው። ባለቤቴ ግን «ናሆም» እንዲባል ትፈልጋለች። «ምትኩ የሐዘን ስም ነው፤ ልጄ ሙት ተሸክሞ አያድግም» ትላለች። እናቴ ደግሞ «ናሆም ብሎ ስም ምን ማለት ነው? ትርጉም የለውም» ባይ ናት። ጎረቤቶቻችን ናሆም ግእዝ ነው ብለውናል። እውነት ነው? ምትኩስ በእርግጥ መጥፎ ስም ነው? ክርስትናው ደርሷል፤ የልደት ምስክር ወረቀትም ልናወጣ ነው። ቶሎ ቢመልሱልን።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችልዎ። ልጁንም ያሳድግልዎ። ይቺን ምርቃት ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከቀላሉ ልጀምር። ናሆም ግእዝ አይደለም፤ ዕብራይስጥ ነው። ከ12ቱ ደቂቀ ነቢያት የአንዱ ስም ነው። የቃሉ ሥር ማጽናናትን ነው የሚያመለክተው። ናሆም መጽናናት፣ መጽናኛ እንደማለት ነው። ከዚሁ ሥር ነህምያም ወጥቷል፤ «እግዚአብሔር አጽናና» ማለት ነው። ግእዙ ለዚህ ነገር የራሱ ቃል አለው፤ «ናዘዘ» ይላል። አጽናና ማለት ነው። አጽናኙ ደግሞ «ናዛዚ» ነው። አማርኛችን «ኑዛዜ» እና «መናዘዝ» ያገኘው ከዚያ ነው። ሰው ለንስሐ አባቱ ሲናዘዝ ልቡ ለምን ቀለል እንደሚለው ቃሉ ራሱ ይናገራል።

ጎረቤቶችዎ ግን አይፈረድባቸውም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰማነውን ስም ሁሉ ግእዝ ነው ማለት ለምዶብናል። እዚሁ ጎንደር ከአፋችን የማይጠፋውን ፋሲልን ይውሰዱ። ካፌው ፋሲል፣ ኳስ ቡድኑ ፋሲል፣ ልጁ ፋሲል። ከዚህ የበለጠ የጎንደር ስም አለ? ስሙ ግን ግሪክ ነው። ሙሉው ፋሲለደስ በግሪኩ ባሲሌይዴስ ነው፤ ንጉሥ ከሚለው ቃል የወጣ፣ «የንጉሥ ልጅ» እንደማለት። ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ የዐፄ ሱስንዮስ ልጅ ናቸውና ስሙ ልክክ ብሎላቸዋል። የመንግሥት ስማቸው ግን የአገር ቤት ነው፤ ዓለም ሰገድ። ልጃቸው ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ ተባሉ። የልጅ ልጃቸው ኢያሱ አድያም ሰገድ ተባሉ። ሦስት ትውልድ ሙሉ አንዱ ስም ከውጭ፣ አንዱ ከቤት።

ዮሐንስን ካነሣሁ አይቀር፣ እሱም ከዕብራይስጥ ተነሥቶ ያልደረሰበት የለም። ትርጉሙ «እግዚአብሔር ጸጋ ሰጠ» ነው። እንግሊዝ ጆን፣ ፈረንሳይ ዣን፣ ሩሲያ ኢቫን፣ ስፔን ሁዋን፣ ጣሊያን ጆቫኒ ይሉታል። ቁርኣን ውስጥ ያህያ ነው። የኛ እሌኒም ፈረንጆቹ ሄለን የሚሏት ናት። ሶስናም ሱዛን ናት፤ አበባ ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት ለእናትዎ ነው። የውጭ ስም ትርጉም የለውም ማለት አይቻልም። ትርጉሙ አለ፤ እኛ ጆሮ ላይ ዝም ይላል እንጂ። ደምቢያ ውስጥ አንዲት እናት «ናሆም!» ብላ ብትጣራ ከጎረቤት ማንም «መጽናኛ!» ሲባል አይሰማም። «ምትኩ!» ብላ ብትጣራ ግን ሰፈሩ ሁሉ ታሪኩን ይሰማል። የእናትዎ ቅሬታ የሚመስለኝ ይሄ ነው። እዚህ ላይ ልክ ናቸው።

አሁን ወደ ምትኩ ልምጣ።

ባለቤትዎ ከሐዘን የራቀ ስም የመረጡ መስሏቸዋል። ግን ያላዘነ ሰው ምን ያጽናኑታል? ናሆምም የመጣው ከዚያው ቤት ነው። አማትና ምራት ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ነው የተናገሩት፤ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በዕብራይስጥ። ሄደው ይንገሯቸው፤ ጠባቸው ግማሹ እዚያው ላይ ያልቃል ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉት ወላጆች ስም ያወጡት ልክ እንደ እናትዎ ነው። አቤል ከተገደለ በኋላ ሔዋን ሌላ ወንድ ልጅ ወለደች። እግዚአብሔር በአቤል ፋንታ ሌላ ዘር ተካልኝ ብላ ስሙን «ሴት» አለችው። በአማርኛ ብናወጣው ከምትኩ ሌላ ምን እንለዋለን? እኛ ዘንድ ተካ አለ፣ ተካልኝ አለ፣ ፈንታሁን አለ። ዮሴፍም ግብፅ ውስጥ የበኩር ልጁን ምናሴ አለው፤ እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ሲል። ይሄ ደግሞ የኛው ማስረሻ ነው፤ ጉድለት የለበትም። ይስሐቅ ማለት «ይስቃል» ነው። እዚያ ላይ ቆም ብለው ይስሙት። መነሻው ላይ ያለችው «ይ» ይበልጣል፣ ይታያል፣ ይልማ በሚሉት ስሞች ላይ ያለችው «ይ» ናት። ግሡም በግእዝ «ሠሐቀ»፣ በአማርኛ «ሳቀ» ነው። እስማኤልም «እግዚአብሔር ይሰማል» ማለት ነው፤ «ተሰማ» ለሚለው ስማችን ዘመድ ነው። ዕብራይስጥና ግእዝ የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ ስማቸውን የሚገነቡት በአንድ ዓይነት እጅ ነው።

ከዚህ ቤት ውጭም ብንሄድ እናትዎ ብቻቸውን አይደሉም። መተማን ተሻግረው ሱዳን ቢገቡ አወድ የሚባል ሰው አያጡም። በዐረብኛ ካሳ፣ ምትክ ማለት ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ዮሩባዎች ወንድ አያት ካረፈ በኋላ የተወለደውን ልጅ ባባቱንዴ ይሉታል፤ «አባት ተመልሶ መጣ» እንደማለት። ስፔኖች ሴት ልጃቸውን ኮንስዌሎ ይላሉ፤ መጽናኛ ነው እሱም። ሰው በየቋንቋው ልጅ ቀብሮ በየቋንቋው እንደገና ወልዷል።

አገራችን ውስጥማ ትልቁ ምሳሌ ቅርባችን ነው። የቋራው ካሳ። ካሳ ማለት ለጠፋ ነገር የተከፈለ ማለት ነው። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ቴዎድሮስ ተባሉ። ቴዎድሮስ በግሪክ «የእግዚአብሔር ስጦታ» ነው። እኔ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ሳያቸው ብዙ ርቀት አይታየኝም። ካሳም ቢሆን ሰጪ አለው።

አሁን ያችን ምርቃት ልመልሳት። «ያሳድግልህ» የምንለው የተወለደ ሁሉ ስለማያድግ ነው። ከዚች ቃል ስም ሠርተናል። ቢያድግልኝ። እስቲ ቀስ ብለው ይበሉት፤ ቢ-ያድግ-ል-ኝ። ቢያድግልኝስ ምን? ዓረፍተ ነገሩ አልተጨረሰም። እናቲቱ ፈርታ ነው ያልጨረሰችው። ሰዋስው ስናስተምር «ቢ» ያለበት ሐረግ ማሰሪያ ይፈልጋል እንላለን። እዚህ ስም ላይ ማሰሪያው ልጁ ነው፤ ሲያድግ ይታሰራል። አማርኛ ስምን ዓረፍተ ነገር አድርጎ ይተወዋል። ደሳለኝ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አትንኩት ትእዛዝ ነው። ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ስማቸው አድናቆት ነው፤ «ምን ትዋብ!» ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ልቀበል መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቆሜ ጥበቃው ስም ሲጠራ ሰማሁ። ናታን፣ ኤልዳና፣ ኖላዊት፣ ናሆም ሁለት ጊዜ። እግዜር ያሳድጋቸው፣ ደስ ይላሉ። ከሃያ ምናምን ልጅ ግን ዓረፍተ ነገር የሆነ አንድም ስም አልሰማሁም። ይሄ ቅር ይለኛል፤ አልደብቅዎትም።

«የሐዘን ስም ልጅን ይጎዳል» ስለሚባለው የራሴን ልንገርዎ። እኔም ከሞተ ወንድሜ በኋላ የተወለድኩ ነኝ። እናቴ መዝገብ ላይ ባለው ስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ካሳዬ» ነበር የምትለኝ። ጠዋት ቡና ስትወቅጥ ሙቀጫው ሲያቆም ድምፅዋ ይመጣል፤ «ካሳዬ፣ ተነሣ»። ወንድሜን እንዳልተካሁ ገና በልጅነቴ ገብቶኝ ነበር። ስለ እሱ ስታወራ ዓይኗ ይለያል። ግን ካሳዬ ስትለኝ ከብዶኝ አያውቅም። ለምን እንዳልከበደኝ የገባኝ ቋንቋ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ነገሩ ያለው ከቃሉ ጫፍ ላይ ነው። ካሳ-ዬ። የእኔ ካሳ። ባለቤቷ እናቴ ናት።

ምትኩ ጫፍ ላይ ያለችው «ኡ» ግን ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው «የእሱ» ማለት ነው፤ ቤቱ፣ ወንድሙ እንደምንለው። በዚህ ካነበብነው ምትኩ «የእሱ ምትክ» ይሆናል። እሱ ማነው? ያ ያረፈው ሕፃን ነዋ። ባለቤትዎ የሚሰሙት ይሄን ነው፤ ስሙ ውስጥ የበኩር ልጃቸው ተቀምጧል። ቢያማቸው አይገርምም። ሁለተኛው ሥራዋ የታወቀውን ለይቶ ማመልከት ነው፤ «ልጁ መጣ» ስንል። ብርሃኑ፣ ወርቁ፣ ማሩ፣ ዓለሙ የሚሉት ስሞች በዚህ የሚነበቡ ናቸው። ብርሃኑን «የማን ብርሃን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ብርሃኑ ራሱ ልጁ ነው። ምትኩንም እንደዚያ ማንበብ ይቻላል። ያን ጊዜ ከኋላው የቆመ ሰው የለም።

ሰዋስው ከሁለቱ አንዱን አይመርጥልንም። የሚመርጠው የጠሪው ልብ ነው።

አንድ ሌላ መንገድም አለ፤ ምትኬ። ይህም የታወቀ ስም ነው፣ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። አንዲት ፊደል ብቻ ናት የተለወጠችው፤ ባለቤቱ ግን ዞሯል። ምትኬ የሚለው ወላጅ ነው፤ «ለእኔ የተሰጠኝ ምትክ» ወይም «ነገ በእኔ ቦታ የሚቆም»። ስልክዎን በአማርኛ ካደረጉት ፎቶና ስልክ ቁጥር እንዳይጠፋ የሚቀመጥበትን ቦታ «ምትኬ» ይለዋል። ቃሉ እንዲህ አዲስ ሥራ ሲያገኝ ደስ ይለኛል፤ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? ይህ የቋንቋ ጥያቄ ብቻ አይደለም፣ ግን ጠይቀውኛል። ያማጠችውም የቀበረችውም እናት ናት። ባለቤትዎ ናሆም ካሉ ናሆም ይጻፍ፤ ያማረ ስም ነው፣ ትርጉሙንም አሁን ያውቁታል። ሲያስጽፉ «ናሆም» ብለው በ«ሆ» ያስጽፉ፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሚጽፈው እንደዚያ ነው። ክትባት ካርዱም፣ የልደት ምስክር ወረቀቱም፣ ነገ የትምህርት ቤት መዝገቡም አንድ ዓይነት ይሁን። ስሙ ነገ የልጁ ልጆች የአባት ስም ነውና አጻጻፉ ከአሁኑ ይያዝለት። በ40 ቀኑ ደግሞ ካህኑ ሦስተኛ ስም ይጨምሩለታል። ምንትዋብም የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር። ጎንደር ላይ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ስም መያዙ አዲስ ነገር አይደለም።

እናትዎን ግን «እንዲህ አትበይው» እንዳይሏቸው። ቤት ውስጥ እሳቸው በፈለጉት ይጥሩት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ሕፃኑን ታቅፈው «ምትኩ» ሲሉት ዓይናቸው የት ነው? ያኛው ልጅ ላይ ነው፣ ወይስ እቅፋቸው ውስጥ ያለው ላይ? እሳቸው የሚሉትን ባለቤትዎም አብረው ይስሙ። መልሱን ለእኔም ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።