ከጎኔ የሚቀመጥ ጠፋ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ካሉት ጊቢዎች በአንዱ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር የካፌው ምግብ ተበላሸ ተብሎ ሴክሽናችን ክላስ ለማቆም ተሰበሰበ። እጄን አውጥቼ «ምግቡ መስተካከል አለበት፤ ክላስ ብናቆም ግን የምንጎዳው እኛው ነን» አልኩ። ለካ አንዱ በስልኩ እየቀረጸኝ ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ቆርጦ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ጆሮ ጠቢዋ» ሆኗል። ትሪዬን ይዤ ስቀመጥ አጠገቤ ያሉት ይነሳሉ። (አምና አንድ ልጅ «ለሴቶች የሚደረገው የመግቢያ ነጥብ ቅናሽ ይቅር» ሲል «ውረድ! ውረድ!» ብለን ከመድረክ አስወርደነው ነበር።) ሐሳብን መግለጽ መብት አይደለም እንዴ? ወይስ ዝም ብዬ ልመረቅ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት ጣና ዳር ቁጭ ብዬ፣ ዓሣ እስኪጠበስልኝ ነው። ደግሜ ሳነበው ዓሣው መጥቶ ቀዘቀዘ።

መብትማ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው የመሰለውን አመለካከት መያዝም መግለጽም እንደሚችል ይደነግጋል። ከአጠገብሽ መነሳትን የሚከለክል አንቀጽ ግን የለም። ቪዲዮውን የቆረጠውን ልጅ ለብቻው አግኚው። ግሩፑ ላይ እንዳትጽፊ፤ እዚያ የሚመልስልሽ ለጭብጨባ ነው። «አጥፋው» አትበይው፣ የምትደብቂው ነገር ያለ ይመስላል። «ሙሉውን ልቀቀው» በይው።

ዓሣዬን ያቀዘቀዘችው ግን በቅንፍ ያስገባሻት ነገር ናት። «ማንኛውም ሰው» ሲባል ያ ልጅም አለበት። እኔም በሐሳቡ አልስማማም። ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ ትምህርት ቤት የምትሮጥን ልጅ ከወንድሟ እኩል መለካት ፍርድ አይመስለኝም። ይህን ግን ማናችሁ ነገራችሁት? ልጁ የወረደው ሐሳቡን እንደያዘ ነው። በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው አብረው ከወጡት ተማሪዎች መካከል እኮ ናቸው፣ ከ12 ዓመት በኋላ ኢሕአፓና መኢሶን ሆነው የተገዳደሉት። ልጁን ፈልጊውና ሻይ ጋብዢው። «ያን ቀን ሳትጨርስ አስወረድንህ፤ ጨርስልኝ» በይው። ከዚያ በኋላ እንደልብሽ ተከራከሪው።

ዝም ብዬ ልመረቅ ላልሽው፣ እኔ ዝም ብዬ ነው የተመረቅኩት። በደርግ ጊዜ ኮሌጅ ሳለሁ የውይይት ክበብ ነበረን። ሁሉም ያንኑ ያንኑ ይናገራል፤ ይጨበጨባል። አንድ ቀን የዶርም ጓደኛዬ ተነስቶ «ይኼ ነገር ለምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ያጨበጨበለት የለም። የዚያን ዕለት ማታ አልጋዬን ከአልጋው አጠገብ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ጎተትኩት። ማንም አላዘዘኝም። የአልጋው ብረት ሲሚንቶው ላይ ሲጮህ እሱ አልተኛም ነበር።