የሐረጎ ዳገት ከሸዋ ሮቢት ይጀምራል

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ «ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደሴ በአንድ ቀን ለመግባት የትኛው ብስክሌት ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ብስክሌቱ የምለው ጥቂት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለሚያወጣው ለሐረጎ ዳገት ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ጥርስ ያለው ማርሽ፣ 28 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ይበቃል። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን አንድ ጋላቢ አስታወሰኝ። ጉልበትም ብስክሌትም ነበረው። የጎደለው አጃቢው መኪና ውስጥ ነበር።

መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትሆናላችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ብርዱ በአንድ ቁልቁለት የቆላ ሙቀት ይሆናል። ያ ጋላቢ ጣርማ በርን በደንብ አለፈ። አጃቢዎቹ ከቁልቁለቱ በፊት ጃኬትና ጓንት አቀበሉት፤ ይህ ትክክል ነበር፣ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም። ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሲመታው ግን ምግብ አስጠላው። ሙዝ ሲሰጡት መለሰ። ማር የበዛበት በሶ ሁለቴ ጎርሶ ተወው፤ ከዚያ ውሃ ብቻ ይጠጣ ጀመር። «ደህና ነህ?» ሲሉት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላል። «አብሽር!» ብለውት ያልፋሉ። ከሚሴን እንዲሁ አለፈ። መኪናው ነዳጅ ሊቀዳ ወደ ኮምቦልቻ ቀደመ። ሐረጎ ስር ሲደርስ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ስሙን ሲጠሩት ዘግይቶ ነበር የሚመልሰው። ደሴ ለመግባት የቀረው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ሰው ሁሉ ሐረጎ ጣለው አለ። እኔ ሒሳቡን የምጀምረው ከሮቢት ነው። ሰውነታችን በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ስኳር ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ ነው፤ በርትቶ ለሚጋልብ ሰው ከሁለት ሦስት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በየሰዓቱ ቢያንስ 60 ግራም መተካት አለበት፤ ሆዱን በልምምድ ያስለመደ እስከ 90 ይደርሳል። ከሮቢት ኮምቦልቻ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምስት ሰዓት ቢፈጅበት የጎደለው 300 ግራም ነው፤ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ ስለሚይዝ 11 ሙዝ ሳይበላ ቀረ ማለት ነው። ይህን ጉድለት ይዞ 600 ሜትር ያህል ከፍታ የሚወጣ የለም።

ሆዱ እምቢ ያለበት ምክንያት አለው። በሙቀት ደም ሰውነትን ሊያቀዘቅዝ ወደ ቆዳ ይሄዳል፣ ሆድ ድርሻው ያንሰዋል። ማር የበዛበት በሶ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ጋላቢውን ለ15 ደቂቃ ፍጥነት አስቀንሱት፣ አንገቱና ራሱ ላይ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ ቀጭን መጠጥ በትንሽ በትንሹ ስጡት። አዘገጃጀቱ ይኸው፦ አንድ ሊትር ውሃ፣ ሳይቆለል የተሰፈረ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ሎሚ። ጣፋጭ ሲሰለቸው ጨው የተነሰነሰበት ቅቅል ድንች ወይም በጣም የቀጠነ አጥሚት ይወስዳል። ከውጭ የሚመጣውን ጄል ፍለጋ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። ውሃ ብቻ በብዛት መጠጣት ደግሞ የደሙን ጨው ያቀጥነዋል። ጣቱ ካበጠ፣ የሰዓቱ ማሰሪያ ከጠበበው፣ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰውና ከተደናገረ ውሃ አትጨምሩለት፤ ውድድሩ አብቅቷል፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ደብተር ያዙ። የዛሬ ልጆች እጃችሁ ላይ ያለው ሰዓት የልብ ምታችሁን ይነግራችኋል፣ ስንት ሙዝ እንደበላችሁ ግን አያውቅም። ከአጃቢዎቹ አንዱ በየሰዓቱ ምን እንደበላ፣ ስንት ኮዳ እንደጠጣ፣ ሽንት መሽናቱን ይጻፍ። ሁለት ሰዓት ሳይበላ ከሄደ ጥላ ስር ይቁም። «ደህና ነህ?» አትበሉት፤ የደከመ ሰው ሁሉ ደህና ነኝ ይላል። «ሙዝ ወይስ ድንች?» በሉት፣ አንዱን ይመርጣል። ሰዓቱንም ጨርሳችሁ አትጣሉ፤ የጣርማ በርን ዳገት የልብ ምቱን እያየ የወጣ ልጅ ጉልበቱን ለኋላ ያተርፋል።

አሜሪካ ውስጥ ከምዕራብ ጠረፍ ወደ ምሥራቅ 4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጋለብበት «ሬስ አክሮስ አሜሪካ» የሚባል ውድድር አለ። በ1982 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የተሳተፉት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እዚያ የአንዳንዱ ጋላቢ የአንገት ጡንቻ ዝሎ ራሱን ቀና ማድረግ ያቅተዋል። መቼ እንደሚተኛና ምን እንደሚበላ የሚወስኑለት አጃቢዎቹ ናቸው። እኛም ጋ ብስክሌት የትናንት ነገር አይደለም። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ሲጋልብ ያየ ወጣት ሁሉ ታሪካችን ከዚያ የጀመረ ይመስለዋል፤ ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ 24ኛ ወጥቷል።

ወደ መኪናው ልመለስ። ሾፌር ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሲነዳ ሌላው ይተኛ፤ ሌሊት ከጋላቢው ይልቅ የምፈራው የሾፌሩን እንቅልፍ ነው። ነዳጅ ከሚሴ ላይ ይሞላ። መኪናው መቅደም ግድ ከሆነበት መጀመሪያ ሁለት ሙሉ ኮዳና የሁለት ሰዓት ምግብ ጋላቢው ኪስ ውስጥ ይግባ። ኮምቦልቻ ላይ በባቲ በኩል የሚመጡት የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ይቀላቀሏችኋል፤ ስለዚህ ሐረጎ ላይ ከኋላው እየተንፏቀቃችሁ መንገድ አትዝጉ። ቀድማችሁ ሂዱ፣ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ቁሙ፣ ሲያልፋችሁ እንደገና ቅደሙት።

ኮዳ የምታቀብሉት ዳገት ላይ፣ ኩርባውን ካለፈ በኋላ፣ በቀኝ በኩል ነው። ቁልቁለት ላይ በጭራሽ አይሆንም። ኮዳውን ከላይ ከአንገቱ በሁለት ጣት አንጠልጥሉት፣ ክንዳችሁን ዘርጉ፣ እሱ በሚሄድበት አቅጣጫ አብራችሁ ሩጡ፤ እጁ ሲነካው ወዲያው ልቀቁ። ይህን በእሑድ ጠዋት እዚያው ሐረጎ ላይ፣ ኮዳው እስከማይወድቅ ድረስ ተለማመዱት።