ወኪሉን በወግ ተቀበሉ፣ ብሮሹሩን ግን መርምሩ

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳና በሸዋ ሮቢት የአእምሮ ሕክምና ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፦

የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል እስክሪብቶ፣ ብሮሹርና ናሙና ይዞ ይመጣል። እንጀራው ነውና አታመናጭቁት። ምሳ ሲጋብዛችሁ ግን አስቡበት። በእኛ አገር የበሉበትን ወጭት መስበር ነውር ነው፤ ኩባንያው በምሳው የሚገዛው ይህንኑ ይሉኝታ ነው። ማንም «ይህን እዘዝ» አይላችሁም፤ እጃችሁ ራሱ ወደዚያ ስም ያዘነብላል።

አዲሱ መድኃኒት ነባሩን በለጠ ሲሏችሁ የነባሩን መጠን ጠይቁ። ለሳይኮሲስ (ከእውነታ ለሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) የሚሰጠው ሪስፐሪዶን አዲስ ሳለ በሰሜን አሜሪካ ሲፈተን የተወዳደረው በቀን 20 ሚሊ ግራም ከሚሰጥ ነባሩ ሃሎፔሪዶል ጋር ነበር። ለአብዛኛው ሕመምተኛ ከ5 እስከ 10 ይበቃል። በ20 አንገት ይጣመማል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እግር አላርፍ ይላል፤ ከዚህ ጎን የቆመ ሁሉ ገር ይመስላል።

ያልታተመውንም ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ዘንድ የተመዘገቡ 74 የድብርት መድኃኒት ጥናቶችን መረመሩ። ጥሩ ውጤት ካገኙት 38 ውስጥ 37ቱ ታትመዋል። ከቀሩት 36 ውስጥ 22ቱ ጭራሽ አልታተሙም፣ 11ዱ የተሳካላቸው መስለው ወጡ፤ አለመሳካቱን በግልጽ የተናገሩት 3 ብቻ ነበሩ። መጽሔት ብቻ ያነበበ ሐኪም ምን ያህል እንደተታለለ ከዚህ ገምቱ።

ለሳይኮሲስ የሚሰጠው ኦላንዛፒንም ጥሩ መድኃኒት ነው። ሆኖም አምራቹ ኤሊ ሊሊ የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን ያለፈቃድ በማስተዋወቁ እ.ኤ.አ. በ2009 ጥፋቱን አምኖ 1.415 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። መድኃኒቱ ክብደትና የደም ስኳር ይጨምራል፤ ስለዚህ ስትጀምሩ፣ በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየ3 ወሩ መዝኑ። የጾም ስኳር ሲጀመርና በ12ኛው ሳምንት ይለካ። ሚዛኑ ከተበላሸ አሠሩት እንጂ በዓይን አትገምቱ።

ናሙና ለሁለት ሳምንት ይሆናል፣ ሕመሙ ግን የዓመታት ነው። ከመንዝ የመጣ ገበሬ ናሙናው ሲያልቅ ውድ ብራንዱን ከግል ፋርማሲ መግዛት ያቅተውና ያቋርጣል፣ ሕመሙም ያገረሽበታል። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ይወስደዋል። (ጠበሉን አትንቀፉ፤ ክኒኑን ሳያቋርጥ ይጠመቅ በሉ።) ከመጀመሪያው በሆስፒታሉ ፋርማሲ ዘወትር የሚገኘውን ምረጡ፤ ማዘዣው ላይም የንግድ ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን መጠሪያ፣ መጠንና ሰዓት ጻፉ፦ «ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት አንድ»።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ ኩባንያዎች ለሐኪም የሰጡትን ገንዘብና ስጦታ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ አስገድዳለች። እናንተ በአንድ መዝገብ ደብተር መጀመር ትችላላችሁ፦ ቀን፣ የኩባንያው ስም፣ የተዋወቀው መድኃኒት፣ የተሰጠው ነገር፣ የተቀባዩ ፊርማ። እስክሪብቶም ብትሆን ትጻፍ። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍ፤ ሕመምተኛው ቢጠይቅ ገልጦ የሚያየው ይሁን።