ቪትዟ፣ ስልኩና የደንገጎ ዳገት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም በአንድ ነገር ዙሪያ ናቸው። ከመሪው ስር የምትሰካዋን ትንሽ ዕቃ ገዝቶ መኪናውን በስልኩ ማንበብ የጀመረ ሰው በዝቷል። ገና ላልሰማ ባጭሩ ልንገር። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1996 ወዲህ አሜሪካ፣ ከ2001 ወዲህ ደግሞ አውሮፓ የተሸጡ አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ኦቢዲ ቱ የሚባል ባለ 16 እግር መሰኪያ አላቸው። እዚያ ላይ ኢኤልኤም 327 የሚባለውን ዕቃ ትሰካለህ፣ ስልክህ ላይ እንደ ቶርክ ወይም ካር ስካነር ያለ አፕ ትጭናለህ፣ ከዚያ የሞተሩ ኮምፒውተር የሚያየውን አንተም ታያለህ። መልሶቹን አንተና አንቺ እያልኩ ነው የጻፍኩት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይሰራ ቅር የሚለው ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፣ በሳምንት ሁለት ሶስቴ ሐረር እመላለሳለሁ። መኪናዬ ቪትዝ ናት። የሙቀት ጌጅ የላትም። ስትቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ስትሞቅ ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላት። ባለፈው ወር ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ዳገት ላይ ቀዩ በራብኝና ቆሜ አቀዘቀዝኳት። አሁን ዕቃዋን ገዝቼ ሙቀቷን በስልኬ አያለሁ። ዳገቱ ላይ 98፣ 101 ይልና ይወርዳል። ስንት ሲል ነው መስጋት ያለብኝ?

መልስ፦ አቦ ጥሩ አድርገሃል! እኔ ይህችን ዕቃ ለድሬ ሰው የምመክረው ለብልሽት ኮድ ማንበቢያ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ከሁሉ በላይ አንተ ለጠየቅከው ነገር ነው። ቀዩ መብራት የሚበራው ሙቀቱ አደጋ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ጌጅ ያላቸው መኪኖችም ቢሆኑ ብዙ አይሻሉም። በብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ሹፌሩ በየዳገቱ እንዳይሸበር ተብሎ መርፌው ከ80 ምናምን ጀምሮ 100ን እስኪያልፍ ድረስ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው የተሰራው። ስልኩ ግን ቁጥሩን እንዳለ ያሳይሃል።

የቪትዝ ቴርሞስታት፣ ማለትም የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር፣ መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ ከ85 እስከ 95 ስታይ መኪናህ ጤነኛ ናት። ዳገት ላይ ወይም መንገድ ሲጨናነቅ 100 አካባቢ ደርሶ መመለሱም ችግር የለውም፣ ቬንትሌተሩ ሲነሳ ይወርዳል። 105ን ሲነካ ኤሲውን አጥፋ፣ ነዳጅ ቀንስ። 110 ከደረሰ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገህ ቁም። እስክትቆም ድረስ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ በድሬ ሙቀት ይህ ስቃይ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ከሞተሩ ላይ ብዙ ሙቀት ይወስዳል። የራዲያተሩን ክዳን ግን ትኩስ እያለ በምንም ተአምር እንዳትነካው።

አሁን ዋናው ነገር። ቁጥሩ ብቻውን ሙሉውን እውነት አይነግርህም። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባህር ጠለል ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ 96 አካባቢ ይፈላል። ደንገጎን ወጥተህ ወደ 2,000 ሜትር ስትጠጋ 93 ይበቃዋል። ታዲያ ያንተ መኪና 101 እያለች ለምን አልፈላችም? ክዳኑ ነው የያዘልህ። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ውስጡን ግፊት ላይ ያቆየውና የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ይገፋዋል። ኩላንት (ለራዲያተር ተብሎ የሚሸጠው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ካለው ደግሞ ከዚያም ያልፋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀና ውስጡ የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ግን መኪናህ በ97 ልትፈላ ትችላለች፣ ስልክህም «97፣ ደህና ነህ» እያለህ ነው የምትፈላው። ስለዚህ ቁጥሩን ከማመንህ በፊት ክዳኑን ቀይር፣ ከመኪናው መለዋወጫ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። የቧንቧ ውሃም አትጨምር። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ላይ ምን ዓይነት ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ሁላችንም እናያለን፣ ራዲያተርህ ውስጥም የሚሰራው ያንኑ ነው። ኩላንት ግዛ።

ሌላም አለ፣ ይህንን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። አንድ ቀን ዳገቱን ሳጋምስ ስልኬ 104 አለኝ። ኤሲውን አጠፋሁ። ትንሽ ቆይቶ 90፣ ከዚያ 84 ሲል ተመስገን ብዬ ቀጠልኩ። ለካ የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ ፈንድቶ ውሃው በሙሉ ወጥቷል። ሴንሰሩ የሚለካው ውሃውን ነው፣ ውሃ ሲያጣ አየር ላይ ይቀርና ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሞተሩ ግን እየነደደ ነው። ሐረር ሳልደርስ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩን ራስ ከታችኛው አካል ጋር የሚያሽገው፣ ተቃጠለ። ስለዚህ ዳገት ላይ ያለ ምክንያት ቁጥሩ ድንገት ከወረደ ደስ አይበልህ፣ ወዲያው ቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ኮፈኑን ከፍተህ እይ።

የመጨረሻው ስለ ዓይንህ ነው። ደንገጎ ኩርባ ላይ ከፊትህ ሲኖትራክ እየወረደ ስልክ ማየት የለም። አፑ ላይ ማንቂያ አስተካክልና 105 ሲሆን ይጩህልህ። ስልኩንም ፀሐይ በሚመታው ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጠው። አፕል ራሱ አይፎንን ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ውስጥ አትጠቀሙ ይላል፣ ድሬ ደግሞ ይህን በጥላ ስርም ታልፈዋለች። ከኤሲው መውጫ ላይ የሚሰካ መያዣ ግዛ፣ ስልኩም አብሮ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ ከከዚራ ነው የምጽፈው። ኮሮላ 2007 አለኝ። ቼክ ኢንጂን በርቶ ጋራዥ ወሰድኳት። ፒ0171 ነው፣ ኦክስጅን ሴንሰር ተበላሽቷል ብለው ቀየሩልኝ። በሳምንቱ ተመልሶ በራ። አሁን ሌላ ሴንሰር ግዢ እያሉኝ ነው። የራሴን ስካነር ገዝቼ ሳየው ያው ኮድ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለተኛውን አትግዢ። ኮድ የጥያቄ መነሻ እንጂ የመለዋወጫ ስም አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፣ እኔንም በጣም የሚያናድደኝ ነገር ነው። ፒ0171 ማለት «ቅልቅሉ ውስጥ አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል» ማለት ነው። ኦክስጅን ሴንሰሩ ይህን አይቶ ተናገረ፣ ስራውን ሰራ። ጥያቄው አየሩ በየት በኩል ገባ ወይም ቤንዚኑ ለምን አነሰ የሚለው ነው።

ይህንን በስልክሽ በአምስት ደቂቃ መለየት ትችያለሽ። አፑ ውስጥ ፊውል ትሪም የሚባል ንባብ አለ፣ የአጭር ጊዜና የረጅም ጊዜ ተብሎ ሁለት ነው። ኮምፒውተሩ ስንት ፐርሰንት ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ይነግርሻል። ሁለቱን ደምሪያቸው። ዜሮ አካባቢ፣ ቢበዛ 10 ወዲህ ወዲያ ከሆነ ጤና ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መጀመሪያ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳትረግጪ፣ እዪው። ቀጥለሽ በ2,500 ዙር ያዢና እዪው። ሚኒሞ ላይ 20 እና ከዚያ በላይ ብሎ ዙር ስትጨምሪ ወደ 5 ከወረደ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። የተሰነጠቀ የቫኪዩም ጎማ ወይም የኢንቴክ ጓርኒሲዮን ያስፈልጉ። በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዙር ሲጨምር የሚብስ ከሆነ ቤንዚን እየደረሰ አይደለም፣ የነዳጅ ፓምፕና ፊልትሮ ይታይ። ወይም ደግሞ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለው የአየር መለኪያ ሴንሰር አቧራ ይዞታል። በእኛ አቧራ ይኼኛው ቀድሞ ቢጠረጠር ጥሩ ነው። ለሱ ብቻ ተብሎ በሚሸጥ ስፕሬይ ይታጠባል፣ በጨርቅ ወይም በጣት መንካት ግን ያበላሸዋል።

ቁጥሮቹን ስክሪንሾት አንሺና ለመካኒኩ አሳዪው። ጥሩ መካኒክ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ስራውን ያሳጥርለታል። ኮዱን ከማጥፋትሽ በፊትም ፍሪዝ ፍሬም የሚለውን ክፈቺና ያዢው። ኮዱ ሲመዘገብ ፍጥነቱ፣ ዙሩ፣ ሙቀቱ ስንት እንደነበር እዚያ ተቀምጧል፣ ስታጠፊው እሱም አብሮ ይጠፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቼክ ኢንጂን ዝም ብሎ ሲበራ ጊዜ አለሽ። ብልጭ ድርግም ሲል ግን የለሽም። አንዱ ሲሊንደር እየሳተ ነው ማለት ነው፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ማርሚታው መንገድ ላይ ያለውን ጭስ አጣሪ፣ ካታላይዘሩን፣ ያቃጥለዋል። ቀስ ብለሽ ጥግ ያዢ። ኮዱ ለምሳሌ ፒ0302 ካለ ሁለተኛው ሲሊንደር ነው። የሁለተኛውን ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ከሶስተኛው ጋር ይቀያይሩልሽ። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፣ ካልዞረ ካንዴላውን ይዩት። ይህ ምንም መለዋወጫ ሳይገዛ የሚደረግ ነው።

ጥያቄ፦ ከሐረር፣ ከሸዋ በር። አባቴ ፔዦ 404 ታክሲ ይነዳል። ለሷም ይሰራል ወይ? መሰኪያውን ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦ መሰኪያ የላትም ወንድሜ፣ አትፈልግ። 404 ፈረንሳይ ውስጥ የተሰራችው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1975 ነው፣ ሞተሯን የሚያዝ ኮምፒውተር የለም። ሐረርን ያለነዚህ መኪኖች ማሰብ ለኔ ይከብደኛል፣ ስለዚህ ጥያቄህን በደስታ ነው የምመልሰው። ስልኩ ለአባትህ አንድ ነገር ያደርግላቸዋል። የፍጥነት መለኪያው ከሞተ በጂፒኤስ የሚሰራ አፕ ፍጥነቱን በትክክል ያሳያቸዋል። ለሙቀት ግን ስልኩን እርሳው። ከነሴንሰሩ የሚሸጥ የሙቀት ጌጅ ይግጠሙ፣ ማንኛውም ኤሌክትሪሺያን ይሰራዋል። ቬንትሌተሩንም ያስፈትሹ። 404 ከፋብሪካ ስትወጣ ቬንትሌተሯ ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሮማግኔት የሚያያዝ ነበር። ካልተቀየረና ካርቦኑ ካለቀ ሳይያያዝ ይቀርና ዳገት ላይ ትሞቃለች።

ጥያቄ፦ ዕቃዋ በጓደኛዬ ሳምሰንግ ሰራች፣ የኔ አይፎን ግን አያገኛትም። ተበላሽታ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸችም። አሮጌውን ብሉቱዝ የሚጠቀሙት ዕቃዎች ከአይፎን ጋር አይግባቡም። ለአይፎን የዋይፋዩን ወይም ብሉቱዝ 4.0 የሚለውን ግዛ። ስትገዛ «1.5 ኦሪጅናል» ቢሉህ ደግሞ ቺፑን የፈጠረው የካናዳ ኩባንያ 1.5 የሚባል አውጥቶ እንደማያውቅ እወቅ፣ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ቅጂ ነው። ቅጂ መሆኑ አይከፋም፣ ብዙዎቹ ይሰራሉ። ግን አንዳንዱ የአሮጌ መኪኖችን ቋንቋ ጨርሶ አያውቅም፣ ስለዚህ ሱቁ በር ላይ በራስህ መኪና ሞክረህ ግዛ። ለጃፓን ገበያ የተሰሩ መኪኖችም መሰኪያው ያው ሆኖ ቋንቋቸው የሚለይ አለ። እንዲህ ሲያጋጥምህ አፑ ውስጥ የመኪናውን ዓይነት መርጠህ ሞክር። ደግሞም መኪናው ቀናት የሚቆም ከሆነ ንቀላት፣ ተሰክታ ስትቀር ባትሪ ትበላለች።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ስካነር ይዤ ብሄድ ምን ልይ? ሻጩ ኮድ አጥፍቶ ቢጠብቀኝስ?

መልስ፦ ያጠፋል ብለህ ሂድ። ግን ማጥፋቱ ራሱ ምልክት ይተዋል። አፑ ውስጥ ሬዲነስ የሚል ገጽ አለ። ኮድ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የራሱን ምርመራዎች እንደ አዲስ ይጀምራል፣ እስኪጨርስ ድረስ «አልተጠናቀቀም» እያለ ያሳያል። ብዙዎቹ እንደዚያ ካሉ ሰሞኑን ተጠፍቷል ወይም ባትሪው ተነቅሏል። ብዙ መኪኖች ኮዱ ከጠፋ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳም ይናገራሉ። 6 ኪሎ ሜትር ካለህ ሻጩን ለምን ብለህ ጠይቀው። ከዚያ ቮልቴጁን እይ። ሞተር ሲሰራ ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ድረስ፣ ራስህ አስነሳው፣ ሙቀቱ ቀስ ብሎ እስከ 85 ሲወጣ ተከታተለው። ከተቻለ ሻጩ አብሮህ ተቀምጦ ወደ ደንገጎ ትንሽ ውጣ፣ ዳገቱ ከስካነሩ ያመለጠውን ያሳይሃል።

ጥያቄ፦ ለኤሌክትሪክ መኪናና ለባጃጅስ?

መልስ፦ ለባጃጅ አይሆንም፣ መሰኪያው የለም። ኤሌክትሪክ መኪኖች፣ መንግስት በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከከለከለ ወዲህ እየበዙ ነው፣ መሰኪያው አብዛኞቹ ላይ አለ። ግን ስለ ትልቁ ባትሪ የሚናገሩት በየፋብሪካቸው ቋንቋ ስለሆነ ተራው አፕ ብዙ አያነብም። ለኒሳን ሊፍ ሊፍ ስፓይ የሚባል የራሱ አፕ አለ፣ የባትሪውን ጤናና የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ያሳያል። የሌላ መኪና ባለቤት ከሆንክ የመኪናህን ስምና የተሰራበትን ዓመት ጻፍልኝና ለሚቀጥለው እትም ፈልጌ እመልስልሃለሁ።