ለወረዳ ሶፍትዌር ለምትሠሩ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ «ጋሼ፣ የሠራነውን ሲስተም ለወረዳው አስረክበናል፤ ሰዎቹ ግን ወደ ወረቀት መዝገባቸው ተመለሱ። ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ሲቆጨኝ የኖረ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

አማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ የተጧጧፈበት ጊዜ ነበር። ገበሬው የባልና የሚስት ፎቶ የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር ይይዛል። ዝርዝሩ ባህር መዝገብ ላይ ሰፍሮ መሬት ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሲስተም ሠሩ። ጥሩ ሥራ ነበር። እኔም አብሬያቸው ወረዳ ድረስ ወርጃለሁ።

በገበያ ቀን አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት መጡ። የውርስ ጉዳይ ነው። ሠራተኛው የባላቸውን ስም ጻፈ። ኮምፒውተሩ የለም አለ። ደግሞ ሞከረ። አሁንም የለም። «እማማ፣ እዚህ አልተመዘገቡም» አላቸው። ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ባህር መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርገው ስሙን አገኙት። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን ስም ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ሠራተኛ «ሀይሉ» ብሎ ነበር የፈለገው። ሮጠን ወጣን። በዚያ ሁሉ የገበያ ሰው መሀል ልናገኛቸው አልቻልንም። መሬታቸው መዝገብ ላይ እያለ የለም ተብለው መሄዳቸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሀን፣ ሃን፣ ሐን፣ ኀንና ኃን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ፊደል እንዲያነብ ማድረግ ለፕሮግራመር ከባድ አይደለም። የሚያስተካክለው ግን ጠፋ። ልጆቹ ተመርቀው ተበትነዋል። ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ሲስተሙን ለማስተካከል የሚያስፈልገው የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ ከአንዱ ላፕቶፕ ጋር ሄዷል። ወረዳው ለጥገና የያዘው በጀት የለም። ስልጠና የወሰደው ሠራተኛም ኮምፒውተር ይችላል ተብሎ ወደ ዞን ተዛወረ።

ሌላም ትዝ ይለኛል። የቀን መሙያው በፈረንጅ ካላንደር የተሠራ ነበር። የካቲትን እንደ ፌብሩዋሪ ስለሚቆጥር የካቲት 30 የተፈረመን ሰነድ አልቀበልም ይላል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም። ሠራተኞቹ የካቲት 28 ብለው እየሞሉ ያልፉ ነበር። ሰነዱ ሌላ፣ ኮምፒውተሩ ሌላ።

የዛሬ ልጆች ኮድ ላይ ከእኛ ዘመን ሰው በብዙ ትበልጣላችሁ። ግን ትቸኩላላችሁ። የርክክቡ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ከተለቀቀ ወረዳው ይረሳል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የማህበረሰብ አገልግሎት ሪፖርት ላይ «ተላልፏል» ብለው ሲጽፉ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል።

ልጅቷን ተመልሰሽ ሂጂ አልኳት። ዴሞ ለማሳየት አይደለም፤ ባለጉዳይ ከምታስተናግደው ሠራተኛ አጠገብ በገበያ ቀን ቁጭ ለማለት። ኃላፊው ሪፖርት የሚያወጣለትን ነው የሚወደው። ወረፋው የሚያስጨንቃት ግን ሠራተኛዋን ነው። እሷን ስሙ።

ግን ኃላፊውንም አትለፉት፤ በጀት የሚያስይዘው እሱ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የጥገና ገንዘብ በምክር ቤቱ እንዲጸድቅ ከፈለጋችሁ ሰኔ ላይ ዱብ ማለት ዋጋ የለውም። ጥርና የካቲት ላይ ጀምሩ። ኮዱን አንድ ቅጂ ለወረዳው ስጡ፣ አንዱን ዲፓርትመንታችሁ ጋ አስቀምጡ። ከመመረቃችሁ በፊትም ከእናንተ በታች ያሉ ተማሪዎችን ይዛችሁ ወረዳው ድረስ ውረዱ። ከሠራተኞቹ ጋር አስተዋውቋቸው፤ ስልክ ይለዋወጡ።