ግሩፑ ለምን ዝም ይላል? የጠየቃችሁኝ እና የመለስኩላችሁ

በማኅበራዊ ሚዲያ ከሰው ጋር ስለመገናኘት፣ ግሩፕ ስለማስተዳደርና ገጽ ስለመክፈት ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። የሰፈራችንን እድር የቴሌግራም ግሩፕና በየአገሩ የተበተኑ የድሮ ተማሪዎችን ግሩፕ ለዓመታት ሳስተዳድር ቆይቻለሁ። አነስተኛ ነጋዴዎች ገጽ ሲከፍቱም አግዛለሁ። የምመልሰው ከዚያ ካየሁት ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ፤ የማንንም ስም አልጠቀስኩም።

ጥያቄ፦ የአብሮ አደጎች ግሩፕ ከፍቼ ከ300 በላይ ሰው አለበት። ግን ማንም አይጽፍም። ጠዋት ጠዋት "እንደምን አደራችሁ" ስል ሁለት ሰው ነው የሚመልስልኝ። ምን ይሻላል?

ለ300 ሰው በጅምላ የቀረበን ሰላምታ ማንም የኔ ነው ብሎ አያነሳውም። ሌላው ይመልስለታል ብሎ ያልፋል። ሰው በአንድ መስመር ሊመልሰው የሚችል ትንሽ ጥያቄ ጠይቅ። እኛ ግሩፕ ውስጥ አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ፎቶ ለጠፈችና "ከኋላ የቆመው፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰው ማን ነው?" አለች። ያን ማታ ግሩፑ እስከ እኩለ ሌሊት አልተኛም። ከገቡ ጀምሮ አንዲት ቃል ጽፈው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ብቅ አሉ። በመጨረሻ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ራሱ መጣና "ሹራቡ የታላቅ ወንድሜ ነው፣ ተደብቄ ነው የለበስኩት" አለ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ መለጠፍ ልማድ ሆነ።

ሌላው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈ ሰው መልስ ሳያገኝ እንዳያድር። ስሙን ጠርተህ መልስለት። ጽፎ ዝም የተባለ ሰው ሁለተኛ አይሞክርም። ብዙ አድሚኖች አዲስ ፖስት ፍለጋ ሲደክሙ አያለሁ። እኔ ግሩፕ የሚቆመው በመልስ ነው ባይ ነኝ። ያለህን ሰዓት ከፋፍለህ አብዛኛውን ለመልስ ስጠው። "ምነው ዝም አላችሁ?" እያልክ ደግሞ አትውቀስ። ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው አለ፤ አንድ ቀን የሱ ጉዳይ ሲነሳ ይጽፋል።

ጥያቄ፦ የእድራችን ግሩፕ ውስጥ ሰው ሲያርፍ "ነፍስ ይማር" የሚለው ይደረደርና የቀብሩ ሰዓት ይጠፋል። "ነፍስ ይማር" መጻፍ እንከልክል?

አትከልክሉ። ሰው ሐዘኑን የሚገልጽበት ነው። ይልቅ ማስታወቂያውን ለብቻው አውጡት። አድሚን ብቻ የሚጽፍበት ቻናል ክፈቱና እዚያ ይለጠፍ፤ የሐዘን መግለጫው ግሩፑ ውስጥ ይሁን። ቻናል ካልፈለጋችሁም መልእክቱን ፒን አድርጉት፣ ከላይ ተሰክቶ ይቆያል። ማስታወቂያው ላይ ሟች ሰፈር ውስጥ የሚታወቁበት ስም፣ ቀብሩ የሚፈጸምበት ቤተ ክርስቲያን ወይም የመቃብር ቦታ፣ ሰዓቱ፣ ድንኳኑ የተተከለበት ቦታና የሚደወልለት የእድሩ ሰው ይኑርበት። ያ ይበቃል።

ከዚህ የሚበልጥ ግን ማንም ያልጠየቀኝ ነገር አለ። መርዶ። በእኛ ባህል መርዶ እንደ ዜና አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ተደርጎ ማልዶ ይነገረዋል። አሁን ግን ጅዳ የምትሠራ ልጅ የእናቷን ሞት በፌስቡክ ታያለች። የእናቷ ፎቶ፣ ከጎኑ የሻማ ምስል፣ ከሥሩ "ነፍስ ይማር"። ያን ጊዜ ምናልባት የሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማለች። የሚደግፋት ሰው አጠገቧ የለም። የለጠፈው ሰው ክፉ አልነበረም፣ ያዘነ ጎረቤት ነው። ጉዳቱ ግን የሚመለስ አይደለም።

ስለዚህ እኛ እድር አንድ የማይጣስ ሕግ አለን። ቤተሰቡ "ውጭ ላሉት ተነግሯል" እስኪል ስም፣ ፎቶ፣ ሻማ፣ የሚያለቅስ ፊት እንኳ አይለጠፍም። ለቀብር የሚያስፈልገው ሰው በስልክ ይጠራል። ሐዘንተኞቹ ውጭ አገር ልጅ እንዳላቸው መጀመሪያ የሚጠይቀው አድሚኑ ነው። እባካችሁ ይህን እናንተም ግሩፕ ላይ ጻፉት።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። እናቴ ገጠር ናት፣ ማንበብ አትችልም። ስደውል ኔትወርክ የለም፣ እሷ ስትፈልገኝ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ የድምፅ መልእክት ተጠቀሚ። ዱባይ ውስጥ በዋትስአፕ መደወል የተገደበ ነው፤ የድምፅ መልእክት ግን ይሄዳል። ለቀጥታ ጥሪ እዚያ ፈቃድ ያለው ቦቲም የሚባል መተግበሪያ አለ፣ ግን አገር ቤት ያለው ስልክ ላይም መጫን አለበት። የድምፅ መልእክት ጥቅሙ፣ ኔትወርክ በመጣ ሰዓት መድረሱ ነው። እናትሽ ደግማ ደጋግማ ትሰማዋለች።

ስልኩን የሚያነሳላት ሰው ካለ ሁለት ነገር ያድርግላት። ያንቺ ቻት ከሁሉም በላይ ፒን ይደረግ፣ ፎቶሽም ይታይ። ፊትሽን አይታ ትነካዋለች እንጂ ስምሽን ማንበብ አይጠበቅባትም። ከዚያ ማይክሮፎኑን ተጭኖ መያዝንና መልቀቅን ያለማምዳት። አንቺ ደግሞ "ደህና ነኝ፣ አታስቢ" ብቻ አትበይ። ምን እንደበላሽ፣ ሙቀቱ እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንዳሳቀሽ ንገሪያት። እናት "ደህና ነኝ"ን አታምንም፤ ዝርዝሩን ስትሰማ ነው ልቧ የሚያርፈው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። የድሮ ተማሪዎች በቪዲዮ እንገናኝ ስንል ሰዓቱ ያጣላናል። አንዴ ሦስት ሰዓት ተባለ፣ ግማሹ በፈረንጅ፣ ግማሹ በሐበሻ ሰዓት ገባ።

ይሄ የሁላችንም ችግር ነው። ሁልጊዜ "በአዲስ አበባ" ብላችሁ ጻፉ፣ ቀጥሎ የየከተማውን። ለእኛ የተስማማን እሑድ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ሁሉንም በሐበሻ ሰዓት ነው የምነግራችሁ። ሪያድ ያው 2 ሰዓት፣ ዱባይ 3 ሰዓት ይሆናል። ዋሽንግተን አካባቢ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት ደግሞ 6 ሰዓት ነው። ፍራንክፈርት እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ወይም 12 ሰዓት ይመጣል። አሜሪካና አውሮፓ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ማስታወሻ ላኩ።

ቅዳሜ ቀን አታድርጉት። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ሰንበት የሚያከብሩት ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ምሽት ስልክ አይነኩም። ይህን ሳያስቡ ቀን ቆርጠው "ለምን አልገቡም?" የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ጥያቄ፦ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ላይክ አለ፣ ገዢ የለም። "ዋጋ በኢንቦክስ" ነው የምለው፣ ተፎካካሪ እንዳያይብኝ።

ተፎካካሪሽ ዋጋሽን ያውቀዋል። ደንበኛሽ ናት የማታውቀው። "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚለውን ስታይ ውድ መሆን አለበት ብላ ታልፋለች፣ ወይ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ዋጋ የምትጠሪ ይመስላታል። ዋጋውን ጻፊ። መጠኑን፣ ጥለቱ በእጅ የተሠራ መሆኑን፣ ሱቅሽ የት እንደሆነ፣ ክፍለ ሀገር ትልኪ እንደሆነ አብረሽ ጻፊ። ፎቶውን ቀን ብርሃን ላይ አንሺ። አንዱን ከሩቅ፣ አንዱን ደግሞ ጥለቱን አስጠግተሽ፣ የክሩ ቀለም እስኪለይ ድረስ።

ከዚያ ኮሜንት ላይ ተቀመጪ። አንዷ "ለልጅ አለ?" ካለች እዚያው በግልጽ መልሺላት፤ ያንኑ ሊጠይቁ ያፈሩ ሌሎች ያነቡታል። ሦስት ሰው ስለ ልጆች ልብስ ከጠየቀ የነገው ፖስትሽ ተገኘ ማለት ነው። ሸማኔው ፈቃደኛ ከሆነ ሲሠራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ልቀቂ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው እስከ መጨረሻው ያያል። ከአንቺ የገዛች ሰው ለብሳ ፎቶ ከላከችልሽ ሳታስፈቅጂ እንዳትለጥፊ።

ጥያቄ፦ ፎሎወር ልግዛ? ርካሽ ነው ይሉኛል።

አትግዛ። የተገዛ ፎሎወር አይጠይቅህም፣ ከአንተ አይገዛም፣ አይመልስልህም። ቁጥሩ ብቻ ይቀርሃል።

ጥያቄ፦ ግሩፓችን በፖለቲካና በብሔር ጭቅጭቅ ሊበተን ነው። የሃያ ዓመት ጓደኛሞች እየተሰዳደቡ ነው። አድሚን ነኝ፣ ጨነቀኝ።

መጀመሪያ ግሩፑን አቀዝቅዘው። ቴሌግራም ላይ ስሎው ሞድ የሚባል አለ፤ አንድ ሰው አንድ መልእክት ከጻፈ በኋላ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት እንዲጠብቅ ያደርጋል። በ15 ደቂቃ ጀምር። ሰው ስድቡን ለመጻፍ 15 ደቂቃ ከጠበቀ ብዙውን ጊዜ ይተወዋል።

ከዚያ ስልክ አንሳ። የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው። ለየብቻ ደውልላቸው፣ አትጻፍላቸው። በሰው ፊት "አንተ ዝም በል" የተባለ ሰው ክብሩን ለማስመለስ ሲል ይብሳል። በስልክ "ወንድሜ፣ እንዲህ ያልከው እገሊትን አስለቅሷታል" ስትለው ግን ድምፁ ይለወጣል። ቤተሰቡ በጦርነት የተጎዳበት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሐዘኑን ስማው። ስድቡን ከግሩፑ አጥፋ፣ ሰውየውን ግን ቶሎ አታባርር።

ሕጉንም እወቀው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለማኅበራዊ ሚዲያም ይሠራል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት የመጀመሪያውን ምንጭ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ቲክቶክ ላይቭ መግባት ትፈልጋለች። እንዴት ልከልክላት?

እናቴ፣ የቲክቶክ የራሱ ሕግ ይረዳዎታል። አካውንት ለመክፈት 13 ዓመት፣ በግል መልእክት ለመጻጻፍ 16፣ ላይቭ ለመግባት 18 ዓመት ነው። ይህን አብራችሁ አንብቡት። ግን አካውንቷን አስዘግተው ብቻ ዝም አይበሉ። ምን እንደምታይ ጠይቋት፣ የወደደችውን ቪዲዮ ታሳይዎት። ችግር ሲገጥማት መጀመሪያ ወደ እርስዎ የምትመጣው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ የማላውቀው ሰው ግሩፕ ውስጥ ይከተኛል፣ ቁጥሬንም ያያሉ። ጓደኛዬ ደግሞ "ኮድ ተልኮልሻል፣ ላኪልኝ" አለችኝ።

ኮዱን እንዳትልኪ! የጓደኛሽ አካውንት ተጠልፏል ማለት ነው፤ አሁኑኑ በስልክ ደውለሽ ንገሪያት። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ "ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" ግቢ። ስልክ ቁጥርሽን ማንም እንዳያይ፣ ግሩፕ ውስጥ የሚጨምሩሽም የምታውቂያቸው ብቻ እንዲሆኑ አድርጊ። "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" የሚለውን ከፍተሽ የይለፍ ቃል አስቀምጪ። ዘመድ ነኝ ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ሲመጣም ድምፁን ሳትሰሚ በቴሌብር አትላኪ።

ጥያቄ፦ የእድሩን መዝገብ ትተን ሁሉንም ቴሌግራም ላይ እናድርገው የሚሉ አሉ።

መዝገቡን እንዳትጥሉት። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገራችን ውስጥ ተገድበው ነበር። ያን ጊዜ ሥራቸውን ያላቋረጡት እድሮች የአባላቱ ስልክ በወረቀት የነበራቸው ናቸው። የወረቀቱን ዝርዝር በየዓመቱ አድሱት።

ጥያቄ፦ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንጨርስ የተለያየኋትን ጓደኛዬን እፈልጋለሁ። ያገባችና ውጭ የምትኖር ይመስለኛል። ፎቶዋን "አፋልጉኝ" ብዬ ልልቀቀው?

ፎቶዋን አትልቀቂ። ምናልባት እንዳትገኝ የምትፈልግበት ምክንያት ይኖራታል። መጀመሪያ ስሟን ከነአባቷ በፊደልም በላቲንም ፈልጊ። በላቲን አንድ ስም በብዙ ዓይነት ስለሚጻፍ የተለያየ አጻጻፍ ሞክሪ። የትምህርት ቤታችሁ የድሮ ተማሪዎች ግሩፕ ካለ እዚያ ገብተሽ የክፍል ጓደኞቻችሁን በግል ጠይቂ።

ካገኘሻት አጭር መልእክት ላኪላት። ማን እንደሆንሽ፣ የት አብራችሁ እንደተቀመጣችሁ፣ እሷ ብቻ የምታውቀው አንድ ነገር ጻፊላት። ሰው ከማያውቀው ሰው የመጣን "ሃይ" አይመልስም። በመጀመሪያው መልእክት ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ፣ ስለ መኖሪያ ወረቀት አትጠይቂ። ከዚያ ጠብቂ። ጓደኛዋ ካልሆንሽ መልእክትሽ ፌስቡክ ላይ ወደ ሌላ ሳጥን ስለሚገባ ወራት ሳታየው ልትቆይ ትችላለች። ካልመለሰች፣ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው "እገሊት ትፈልግሻለች፣ ቁጥርሽን ልስጣት?" ብሎ ይጠይቃት።